«ዘፈን እንጭናለን»

ባለፈው ኅዳር ለለቅሶ አሰንዳቦ ሄጄ ነበር። አሰንዳቦን አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ፣ ጊቤን ተሻግራችሁ፣ ሰኮሩንም አልፋችሁ «እንግዲህ ጅማ ደረስን» ማለት ስትጀምሩ ትመጣለች። ሰርቦ ስትደርሱ ደግሞ ተረስታለች። እኔ ግን አጎቴ እዚያ ሱቅ ስለነበረው የተማሪነት ክረምቶቼን ያሳለፍኩት የእሷን ጭቃ እየረገጥኩ ነው። ኅዳር ከጭቃው የሚታረፍበት ወር ነው። ቡና ይለቀማል፣ በየደጃፉ ጀንፈል ተሰጥቷል፣ ብር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ዕዳ የሚከፈለው፣ ሠርግ የሚቆረጠው፣ ባጃጅ የሚገዛው ያን ሰሞን ነው።

ለቅሶውን ደርሼ ስወጣ ወደ ጅማ ሊያደርሰኝ የተስማማው ሾፌር «ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ይታገሱኝ፤ ፍላሹ ላይ ያለው ዘፈን ሰልችቶኛል» አለና አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ በር ላይ ቆመ። የሱቋ ግንባር ላይ በቀይ ቀለም «ዘፈን እንጭናለን፣ ፎቶ ኮፒ እናደርጋለን፣ ሞባይል ቻርጅ እናደርጋለን» ተብሎ ተጽፏል። ውስጥ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ትልቅ ስፒከር፣ አንድ ልጅ።

«ምን ልጫንልህ? አዲስ አለ፣ የድሮ አለ፣ ኦሮምኛ አለ፣ አማርኛ አለ፣ መንዙማ አለ።»

«ቀላቅልልኝ።»

አምስት መቶ ዘፈን በመቶ ብር። እኔ የሒሳብ ሰው አይደለሁም፤ ግን ይቺን ያህል አላጣትም። አንድ ዘፈን ሃያ ሳንቲም መሆኑ ነው። ሳንቲም ራሱ ከኪሳችን ከጠፋ ስንት ጊዜው!

ዘፈኖቹ እየተጫኑ ሳለ ባለ ሱቁ ደጃፉ ላይ በርጩማ ይዞ የተቀመጠ ቀጭን ወጣት እያሳየን «ሦስተኛው ዘፈን የሱ ነው» አለ። ወጣቱ ከተቀመጠበት ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። እኔም ለጨዋታ ያህል «ታዲያ ከሃያዋ ሳንቲም ላንተ ስንት ትደርስሃለች?» ብለው እሱም ባለ ሱቁም ሾፌሩም አንድ ላይ ሳቁብኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ እንጂ የምከፍለው!»

ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። ዘፈኑን ይዞ የመጣው ራሱ ነው። ከፊት እንዲደረግለት ለባለ ሱቁ የሞባይል ካርድ ይገዛለታል፣ አንዳንዴም ምሳ ይጋብዘዋል። «ከአሥራ አምስተኛ በኋላ ከሆንኩ አልሰማም» አለኝ። «ለምን?» «ሾፌሩ ጅማ ይገባላ!» ከአሰንዳቦ ጅማ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ልጁ የአገሩን መንገድ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በዘፈን ለክቶታል። ሰርቦ ላይም፣ ሰኮሩ ላይም እንዲሁ ጫኝ ሱቆች አሉት። እሱ በማይሄድበት አገር ሁሉ ድምጹ በፍላሽ ይሄድለታል።

ከዚህ በላይ ሳልሄድ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ አለበለዚያ የምጽፈው ሁሉ የጻድቅ ወሬ ይመስላል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ነበር። በአንዱ በኩል ዋናውን፣ በሌላው በኩል ባዶ ካሴት ትከቱና ሁለቱን ቁልፎች እኩል ትጫኗቸዋላችሁ። ክረምት ክረምት የዚያ ቴፕ ሠራተኛ እኔ ነበርኩ። የተቀረቀረ ካሴት በቢክ እስክሪብቶ አጠነጥናለሁ፣ ክዳኑ ላይ የዘፋኙን ስም በፓርከር እጽፋለሁ። የእጅ ጽሑፌ ያማረው በዚህ ነው ቢባል ውሸት አይደለም።

አንድ ቀን ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ፌስታል ሙሉ ካሴት ይዞ ገባ። በዚያ አካባቢ በየሠርጉ የሚዘፍን ሰው ነው። አሳታሚ ስላጣ የራሱን ገንዘብ አውጥቶ አሳትሞት እየዞረ የሚሸጠው እሱው ነው። «አሥር ብር ነው፣ አሥር ፍሬ ያዝልኝ» አለው አጎቴን። አጎቴ ቆይ ቆይ ብሎ፣ ተከራክሮ፣ በስምንት ብር አንድ ፍሬ ያዘለት። ሰውየው ወደ ጅማ አለፈ። እኔ ቴፑን ከፈትኩ። በሳምንቱ ያ ካሴት ከአሰንዳቦ ሻይ ቤቶች ግማሾቹ ውስጥ ነበር፤ ሁሉም ላይ የኔ የእጅ ጽሑፍ።

ሰውየው ሲመለስ «እንዴት ነው፣ ወጣልህ?» ብሎ ጠየቀ። አጎቴ «ኧረ አልተነካም፤ ገበያው ቀዝቅዟል» አለው። ይህን ሲል የሰውየው ድምጽ ከፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ይሰማል። ደግሞ አንድ አይሱዙ እሱኑ እያዘፈነ አለፈ። ሰውየው ጆሮውን ቀሰረ፣ ፈገግ አለ፣ «ደግ፤ ሕዝቡ ወዶታል ማለት ነው» አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም። አጎቴ አፍሮ ነው መሰለኝ ሻይ አዘዘለት። ሻዩን የቀዳሁለት እኔ ነኝ። ካሴቱንም ሻዩንም እኔ ነኝ የቀዳሁት። ጠጥቶ አመሰገነና አውቶቡስ ተሳፈረ።

የዚያን ሰውዬ ፈገግታ ለብዙ ዓመት የየዋህነት ነው የመሰለኝ። አሁን አይመስለኝም። ከየት እንደሚበላ ያውቅ ነበር። አጎቴ በሚቀጥለው ጥር የዘመዱን ልጅ ሲድር የተጠራው እሱ ነው፤ እዚያ የተከፈለው የካሴቱን አምስት እጥፍ ይሆናል፤ በግንባሩ ላይ የተለጠፈለትን ብር ሳልቆጥር።

እኛ አገር ዘፋኝ ተርቦ አያውቅም እያልኩ አይደለም። የምለው፣ ስንከፍል የምንከፍለው ለሰውየው ነው፤ ለዘፈኑ ከፍለን አናውቅም። አዝማሪው ፊታችን ቆሞ የአባታችንን ስም ሲያነሳ እጃችን ኪሳችን ይገባል። እሱ ሲወጣ ዜማው እንደ አየር የጋራ ነው። ዜማ ለአዝማሪው የሱቅ ደጃፍ ነበር፤ ዕቃው እሱ ራሱ። ይህ ለዘመናት ሠርቷል፤ ነውርም አልነበረበትም። ችግር የመጣው ድምጽ ከሰውየው ተለይቶ በዕቃ ውስጥ መግባት ሲጀምር ነው። ዕቃውን የያዘ ሌላ ሰው ሆነ፣ ኪሳችን ግን ልማዱን አልለቀቀም።

መጀመሪያ ዕቃውን የያዘው መንግሥት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ማኅበሩ ግን ዘመናዊውን ሙዚቃ ሳያሳትመው ዓመታት አለፉ። በየምሽት ክበቡ የሚዘፈነው ሁሉ ሌሊቱ ሲነጋ ይጠፋ ነበር። ይህን የጣሰው አመሃ እሸቴ የሚባል ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የሙዚቃ ቤት ባለቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ድምጽ ቀርጾ ህንድ አገር አሳተመና ገበያ ላይ አወጣው። ሕግ መጣሱን ያውቃል። እስኪ ይሰሩኝ ብሎ ነው። አልታሰረም፤ ሸክላው ግን ተቸበቸበ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላ አወጣ። ደርግ ሲመጣ አገር ለቆ ወጣ፤ ያረፈው በ2013 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» እየተባለ የሚሰማው ሙዚቃ ትልቁ ድርሻ የተረፈልን አንድ ሰው ሕግ ስለጣሰ ነው። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው። በሙዚቃችን ውስጥ ሕግ አክባሪና ሕግ ጣሽ የሚባሉት ሁልጊዜ በምታስቡት ወገን አይቆሙም።

ከሸክላው በኋላ ካሴት ነገሠ። የካሴቱ ዘመን ውል በአብዛኛው እንዲህ ነበር፦ ዘፋኙ አልበሙን ለሙዚቃ ቤት አንዴ ይሸጣል፣ ገንዘቡን አንዴ ይቀበላል፣ በቃ። መቶ ሺህ ቢሸጥ የባለ ሙዚቃ ቤቱ ሲሳይ ነው፤ ባይሸጥ የባለ ሙዚቃ ቤቱ ኪሳራ። ገጣሚውና ዜማ ደራሲውም እንዲሁ አንዴ ተቀብለው ይሰናበታሉ። እህል በማሳ ላይ እንዳለ እንደ መሸጥ ነው። ምዕራባውያኑ የኛን ሸክላዎች «ኢትዮፒክስ» ብለው እንደገና ማሳተም ሲጀምሩም ፍራንሲስ ፋልሴቶ ፈቃዱን የተዋዋለው ካሳተሟቸው ሰዎች ጋር ነበር። ባለ ሸክላውን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ ከበሮ የመታውን ማን ያስታውሰዋል?

ሕጉስ? ሕጉ መጥቷል። አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጣ። ሆነ ብሎ የሰው ሥራ የገለበጠ ከ5 ዓመት በማያንስ፣ ከ10 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ይቀጣል አለ። በዚያው ዓመት የአሰንዳቦ ጎረቤት የሆነው ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋቱን ይዞ ሥራ ጀመረ። ስለ ግድቡ ያልሰማ አልነበረም፤ ስለ አዋጁ የሰማ ግን እኔ አላጋጠመኝም። አጎቴማ ያኔ ሱቁን የእህል ሱቅ አድርጎት ነበር፤ ሕግ ፈርቶ ሳይሆን ሲዲ መጥቶበት ነው። አዋጁ በ2007 ዓ.ም. በቁጥር 872 ተሻሻለና ሥራው ባለበት ሁሉ ሮያሊቲ እንዲሰበሰብ፣ ባለ መብቶችም በጋራ የሚሰበስቡበት ማኅበር እንዲያቋቁሙ መንገድ ተከፈተ። ወረቀቱ ላይ መልካም ነው። ከሆቴልና ከሬድዮ መሰብሰብ ቢጀመር እንኳ ለማን ይደርሳል ብላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ ሊቆጠር የሚችል ስም ላለው ነው። ሰርቦ ላይ በፍላሽ የሚሄደውን ልጅ ማን ይቆጥረዋል?

በነገራችን ላይ፣ የሙዚቃ መብት የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት የቡናንም ስም ያስከበረልን ነው። ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ያኔ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይባል ነበር፤ አሁን ባለሥልጣን ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉት ስሞች የኢትዮጵያ ናቸው ብሎ አሜሪካ ድረስ ሄዶ አመለከተ፤ ከስታርባክስ ጋር ተሟግቶ በ2007 ስምምነት ላይ ደረሰ። የሦስቱ ስሞች ዝርዝር ውስጥ ጅማ አልነበረችም። ካፋና ጅማ የቡና እናት ነን ብለን የምንኮራው ሰዎች ከስም ዝርዝሩ ውጭ ነበርን። የጅማ ገበሬ ጀንፈሉን ለሰብሳቢ ይሸጣል፣ ሰብሳቢው ለአቅራቢ፣ አቅራቢው ለላኪ። ከዚያ ወዲያ ቡናው ስሙ ይቀየራል። የልጁም ዘፈን እንዲሁ ነው። ሱቅ ውስጥ ያየሁት ፋይል ላይ የተጻፈው የልጁ ስም አይደለም፤ የአንድ የዩቲዩብ ቻናል ስም ነው።

ስለዚህ ቻናል ላጫውታችሁ። ልጁ ዘፈኑን የሠራው በአባቱ ጀንፈል ነው። ሁለት ኩንታል ተሸጠ። ግጥሙም ዜማውም የራሱ ነው፤ ጅማ ስቱዲዮ ገብቶ አስቀረጸው። የተረፈው ለክሊፕ ሄደ። ከዚያ ዘፈኑን የሚለቅለት ቻናል ፍለጋ አዲስ አበባ ወጣ። ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ቻናል «እንለቅልሃለን፣ ግን ትከፍላለህ» አለው። ከፈለ። ማስታወቂያው የሚያስገባው ገንዘብ ደግሞ የቻናሉ ነው፤ ውሉ ላይ ፈርሟል። ሁለት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል። ተመልካቾቹ ሚኒሶታ ያሉ ዘመዶቻችን ከሆኑ ገንዘቡ ሻል ይላል፣ አሰንዳቦ ያሉት ከሆኑ እዚህ ግባ አይባልም፤ የማስታወቂያ ዋጋ የሚተመነው ተመልካቹ ባለበት አገር ገበያ ነዋ። የሆነ ሆኖ ሚኒሶታም ተከፈለ አሰንዳቦ፣ ልጁ ጋ የደረሰ የለም።

«ታዲያ ምን አተረፍክ?» አልኩት።

«ሠርግ!» አለኝ ዓይኑ እያበራ። «ድሮ ማን ይጠራኝ ነበር? አሁን ይህን ወር ብቻ አራት ሠርግ ይዣለሁ።»

«ሠርጉ ላይ የራስህን ዘፈን ትዘፍናለህ?»

«ኧረ ጋሼ! የራሴንማ አንዴ ነው። የሚታወቀውን ነው የሚፈልጉት።» የሚታወቀው ማለት የሌሎቹ ዘፈን ነው። ለዚያ ለማንም አይከፍልም፤ መክፈል እንዳለበትም አልሰማም። አያችሁ እንግዲህ? የሱን ዘፈን ሱቁ ይጭነዋል፤ እሱ ደግሞ የሰው ዘፈን በጉሮሮው ይጭናል። ከዚህ ሰንሰለት ውጭ ሆኖ ድንጋይ የሚወረውር ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

ክሊፑን ስልኩ ላይ አሳየኝ። ከአፌ የወጣውን ለሱ አለዝቤ ነግሬዋለሁ፤ ለእናንተ ግን ላለዝብ አይገባም። ልጁ በኪራይ መኪና ተደግፏል። የሆቴል አትክልት ውስጥ አራት ልጃገረዶች ይወዛወዛሉ። የለበሱት ልብስ የማን አገር እንደሆነ ልብሱን ያከራየው ያውቅ ይሆናል። መነጽር ይደረጋል፣ መነጽር ይወልቃል። ኪቦርዱ በየሠርጉ የምንሰማው ያው ኪቦርድ ነው። በመጀመሪያዋ አሥራ አምስት ሰከንድ ውስጥ የዘፈኑ አዝማች ሁለት ጊዜ ይመታል፤ «ቲክቶክ ላይ ለመቆረጥ እንዲመች ነው» አለኝ። ሁለት ኩንታል ጀንፈል ተሸጦ በተሠራው ክሊፕ ውስጥ አንድ የቡና ዛፍ የለም። ጅማ የለችም። አሰንዳቦማ ጭራሽ!

ልጁ ድምጽ የለውም እንዳትሉ። ይኸው ነው ያስቆጣኝ። ሾፌሩ ዘፈኑ ተጭኖለት የጎማ አየር ሊያስሞላ ሲሄድ፣ ልጁ ባዶ ጀሪካን ገልብጦ በጣቱ እየመታ እናቱ ቡና ስትለቅም ከምታንጎራጉረው የሠራው ነው ያለኝን አንድ ነገር ዘፈነልኝ። ኦሮምኛዬ ተማሪ ሳለሁ የለመድኩት የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ግማሹን አልያዝኩትም። ግን ዜማው ወደ ታች ሲወርድ የሚወርድበት መንገድ አለው፤ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። አጠገባችን ጀንፈል የምታገላብጥ ሴትዮ እጇን አቆመች።

«ይህንን ለምን አላስቀረጽከውም?»

«ጋሼ፣ ይህን ማን ይጭነዋል?»

መልስ አልነበረኝም። ባለ ሱቁን አየሁት፤ ትከሻውን ነቀነቀ። ሾፌር ለዳገት የሚሆን ዘፈን ነው የሚፈልገው።

የኛን ሰዎች ሙግት የምሰማው ሁልጊዜ በአንድ ወገን ነው። ሌባው ገደለን፣ ገልባጩ ገደለን፣ ሱቆቹ ይታሸጉ። እኔ የቀድሞ ገልባጭ ስለሆንኩ ቃሌ አድሎ ይኖረው ይሆናል። ግን ነገ ጠዋት ያቺን የቆርቆሮ ሱቅ ብታሽጓት ይህ ልጅ ከአሰንዳቦ አይወጣም። ያለችው አከፋፋይ እሷው ናት። በሕግ ቋንቋ ወንጀለኛው፣ በልጁ ቋንቋ ወዳጁ ነው፤ ምሳ የሚጋብዘውም ለዚህ ነው። ሰባት በሮች ተዘግተውበት በስምንተኛው ሲሾልክ ስምንተኛውን ብቻ መዝጋት ምን ይባላል?

የተሻለ መንገድ ያሰቡ አልጠፉም። ኤልያስ መልካ፣ ኃይሌ ሩትስ፣ ጆኒ ራጋና ዳዊት ንጉሡ በ2011 ዓ.ም. «አውታር»ን ይዘው ሲመጡ ሐሳቡ ቀላልና ትክክል ነበር፦ አድማጩ አንድ ዘፈን በስልኩ በጥቂት ብር ይግዛ፣ ባለ ዘፈኑም ድርሻውን ያግኝ። ኤልያስ ብዙ ሳይቆይ፣ መስከረም 2012 ላይ አረፈ። ከዚያ ደግሞ «ሰዋስው» መጣ። የእነዚህን ሰዎች ጥረት የማጣጥልበት አፍ የለኝም። ነገር ግን ስልክ ላይ መክፈያ ማበጀት ይቻላል፤ የመክፈልን ልማድ ግን ማን ያበጀዋል? ለአምስት መቶ ዘፈን መቶ ብር የከፈለው ሾፌሬ ሌባ አይደለም። አጥብቆ የሚጸልይ፣ መልስ ሲሳሳት ሮጦ የሚመልስ ሰው ነው። ለባለ ሱቁ የከፈለው ለጉልበቱ ነው። ዘፈኑ የማን ነው ቢባል ይስቃል፤ ቅድም እንደሳቁብኝ።

እስቲ ደግሞ ቲክቶክን እዩ። ማታ ማታ ቀጥታ የሚገቡት ልጆቻችን አንበሳ ይላክልናል ብለው ሲጠብቁ፣ ስም እየጠሩ ሲያመሰግኑ፣ «እገሌ የእገሌ ልጅ፣ አንተ አንበሳ!» ሲሉ። ይህ ምን አዲስ ነገር አለው? አዝማሪ ቤት ነው። ግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር በስክሪን ላይ ተለጠፈ እንጂ። ልዩነቱ፣ የጥንቱ አዝማሪ ግንባሩ ላይ የተለጠፈውን ሙሉውን ይወስድ ነበር፤ የዛሬው ግማሽ ገደማውን ለባለ ቤቱ ትቶ ነው የሚወጣው፤ ባለ ቤቱም ባሕር ማዶ ነው። እንዲያም ሆኖ ይከፈላል፤ ሰውየው ፊት ለፊት አለና።

ዘፈን ለብቻው ሄዶ ለባለቤቱ እንጀራ ይዞ ሲመለስ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ኃይሉ መርጊያ ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑንና ኪቦርዶቹን ብቻውን እየተጫወተ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ ደንበኛ ሲጠፋ ከመኪናው ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመዳል። አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘው፣ ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለለት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። የዚያ አሳታሚ ደንብ ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል መካፈል ነው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ ዓለምን ዞረ፣ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። የጅማው ልጅ ሙላቱ አስታጥቄም ቢሆን፣ ወጣት ሳለ የሠራውን ዓለም በደንብ የሰማለት ኢትዮፒክስ አራተኛው ቅጽ በ1998፣ የጂም ጃርሙሽ ፊልም ደግሞ በ2005 ከወጡ በኋላ ነው፤ ስድሳውን አልፎ። ደስ ይላል። ግን ይህን ለአሰንዳቦው ልጅ እንደ ምክር መንገር ያሳፍራል። «አንተ ብቻ ጥሩ ሥራ፣ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ፈረንጅ ባሕር ዳር ያገኝሃል» ልበለው?

ጨዋታችን መሀል ሾፌሩ ተመለሰና «ጋሼ እኮ ጋዜጣ ላይ ይጽፋሉ» ብሎ አጋለጠኝ። ልጁ ደንገጥ አለ። «መጣሁ» ብሎ ወደ ሱቁ ጓሮ ዞረ። ሲመለስ ፖስታ ይዟል። ፎቶግራፉ መሰለኝ። ወደ ጎን ወሰደኝና ፖስታውን ወደ ኮቴ ኪስ ሰደደው። ከፈትኩት፤ ብር ነው። የታጠፈ፣ የሠርግ ሽታ ያለው ብር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ስለ እኔ እንዲጽፉልኝ ነው ጋሼ።»

ተቆጣሁ። ድምጼን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም፤ ጀንፈል የምታገላብጠው ሴትዮ ዞር ብላ አይታናለች። ልጁ ግን የቁጣዬ ምክንያት አልገባውም። «ትንሽ ነው እንዴ?» አለኝ። «ባለፈው ሬድዮ ላይ ላስገባልኝ ሰው የሰጠሁት ይህንኑ ያህል ነው።» የማን ሬድዮ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ ቢነግረኝም አልጽፈውም። እኛ በየመድረኩ ሙዚቀኛውን ማን ዘረፈው እያልን የምንሰበስበው ሸንጎ ውስጥ ወንበር ይዘን የምንቀመጠው እነማን እንደሆንን ግን አሰብኩ። ገልባጩ ከዘፈኑ ላይ ሃያ ሳንቲም ነው የበላው። የኛ ሙያ ሰዎች ስንት እንደሚበሉ ፖስታው ውስጥ አየሁት።

ፖስታውን መለስኩለትና «ይልቅ ዘፈንህን ልግዛ፤ የት ነው የሚሸጠው?» አልኩት። «ተጭኖልዎታል እኮ!» አለ፤ ወደ ሾፌሩ ፍላሽ እያሳየ። «አይ፣ ያቺን የጀሪካኗን ነው።» «እሷማ የለችም ጋሼ፤ እንዲሁ ናት።» ተስማማን ሳንል ተለያየን። ጅማ ገብቼ ማታ ሆቴል ተኝቼ፣ ቁጥሩን ከሾፌሩ ተቀብዬ በቴሌብር ሁለት መቶ ብር ላክሁለት። የዘፈን ዋጋ ስንት እንደሆነ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ከሠላሳ ዓመት በፊት የአንዱን ሰውዬ በስምንት ብር ገዝቼ ስንት ጊዜ እንደቀዳሁት ብቻ ነው የማውቀው። ምክንያቱን በሚጽፉበት ቦታ «ለዘፈንህ» ብዬ ጻፍኩ።

ጠዋት ስነሳ በስልኬ የድምጽ መልእክት ገብቷል። ጀሪካኑ ይመታል። ያቺ ወደ ታች የምትወርደው ዜማ ናት። ቃላቱ ግን ተቀይረዋል። ስሜን እየጠራ፣ እጄ ሰፊ መሆኑን እየተናገረ፣ አንበሳ እያለ ያወድሰኛል። መጨረሻው ላይ የአባቴን ስምም አስገብቶታል፤ ከማን ጠይቆ እንዳገኘው አላውቅም።